ካኔን በጠረጴዛ ላይ መድገም

በቅርቡ ከጓደኞቻችን አንዱ ስለ ሁለተኛው የሮማና የካርቴጅ ጦርነት ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። በጽሑፉም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት በካኔ ሜዳ የሮማን ሠራዊት ያስፈጀው የቆንስሉ የቫሮ ችኮላና አለማወቅ ነው ካለ በኋላ፣ ለአባባሉ ማስረጃ ይሆነው ዘንድ የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ጠቀሰ። ይኸውም፣ ያ ውጊያ በጨዋታ ሲደገም የሮማን ወገን የያዘው ሰው እንደ ቫሮ መካከሉን ገፍቶ ካልገባ በቀር እንደ ጥንቱ ያለ ጥፋት አይደርስበትም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአዛዡ እንጂ የሌላ አይደለም የሚል ነው። ከአድማጮቹ ብዙዎቹ ሳቁ። የቀሩትም ጨዋታን ከታሪክ ጥናት ጋር ምን አገናኘው ብለው ነገሩን አለፉት። እኛን ግን ሳቁም ማስረጃውም አላረካንም። በዚህ ምክንያት ጨዋታዎቹን ራሳቸውን ፈልገን አግኝተን፣ ደንባቸውን አንብበን፣ ማታ ማታም ተቀምጠን ተዋግተን ያየነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን ባጭሩ ለመግለጽ፣ የጦርነት ጨዋታ ማለት ሠራዊትን በትናንሽ እንጨት፣ በካርቶን ወይም በምስል እየወከሉ፣ የጦር ሜዳውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በተጻፈ ደንብና በዳይስ ዕጣ መዋጋት ነው። ሲጀመር የልጆች መጫወቻ አልነበረም። በ1824 በፈረንጅ አቆጣጠር ሬይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ያወጣው ጨዋታ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ አገልግሏል። ለሰላማዊ ሰው መዝናኛ እንዲሆን ካደረጉት አንዱ፣ በ1913 በዚሁ ጉዳይ ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ነው።

እኛ የመረመርናቸው ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ሪቻርድ ቦርግ ያዘጋጀውና በ2006 የታተመው «ኮማንድስ ኤንድ ከለርስ፤ ኤንሸንትስ» የተባለው ጨዋታ ነው። ሜዳው የማር እንጀራ በሚመስሉ ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በእጁ ከያዛቸው ካርዶች አንዱን እየጣለ በካርዱ የታዘዙትን ጭፍሮች ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የጦርነት ጥናት ያስተምር የነበረው ፊሊፕ ሳቢን በ2007 ያሳተመው «ሎስት ባትልስ» ነው። ይህኛው መጽሐፍም ጨዋታም ነው፤ ደራሲው ከማራቶን ጀምሮ ያሉትን ታላላቅ ውጊያዎች በአንድ ደንብ እያጫወተ፣ ደንቡና ውጊያው የማይስማሙበትን ቦታ እያየ፣ የጥንት ጸሐፊዎችን ቁጥርና አሰላለፍ ይመረምራል። የመጀመሪያው ለደስታ የተሠራ ነው፤ ደስታም ይሰጣል። ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ ደንቡን ለመረዳት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ይሁን እንጂ ስለ ካኔ ለሚጠይቅ ሰው የሚጠቅመው ይኸኛው ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንገልጻለን።

ውጊያውን ራሱን እናስታውስ። እንደ ፖሊቢዮስ አጻጻፍ ሮማውያን 80,000 እግረኛና ከ6,000 የሚበልጥ ፈረሰኛ ነበራቸው፤ ሐኒባል ደግሞ 40,000 እግረኛና 10,000 ፈረሰኛ ነበረው። ሐኒባል የጎልና የእስፓኝ ወታደሮቹን በመካከል እንደ አዲስ ጨረቃ አጉብጦ ወደ ፊት አወጣቸው፤ የአፍሪካ እግረኞቹን ግራና ቀኝ አቆመ። ሮማውያን ጨረቃዋን እየገፉ ሲገቡ አፍሪካውያኑ ከሁለት በኩል ወደ ውስጥ ዞሩባቸው፤ የሐኒባል ፈረሰኛም የሮማን ፈረሰኛ ከደመሰሰ በኋላ ከኋላ መጣባቸው። የሞተውን ሰው ፖሊቢዮስ ወደ 70,000 ሲያደርሰው ቲቶስ ሊቪዮስ 48,000 ያህል ይለዋል።

ይህን ውጊያ ስድስት ጊዜ ተዋጋነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ካኔን አልመሰሉም። የሮማን ወገን የያዘ ሁሉ የታሪክ ተማሪ ስለ ነበረ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ወደ ጨረቃዋ የገባ አንድም አልተገኘም። አንዱ ጭፍሮቹን ባሉበት አቁሞ ጠላቱ እስኪመጣበት ጠበቀ። ሌላው የኋለኛውን ረድፍ ገና ከመጀመሪያው ፊቱን ወደ ኋላ አዞረው፤ በዚያ ቀን እንዲህ ያደረገ ቆንስል ቢኖር ወታደሮቹ አብዷል ባሉት ነበር። ከአምስቱ ሮማ ሦስቱን አሸነፈች። ጓደኛችን ማስረጃ ያደረገው እንግዲህ ይህን የመሰለውን ነው።

ለስድስተኛው ሁለት የምሕንድስና ተማሪዎች ጠራን። የሰውና የአገር ስም ሁሉ አስወግደን አንዱን ወገን ቀይ፣ ሁለተኛውን ጥቁር አልነው። ቀዩን የያዘው ልጅ እግረኛው ብዙ፣ ፈረሰኛው ግን ጥቂት መሆኑን አይቶ ትንሽ ካሰበ በኋላ፣ «ፈረሰኛው ሳይደርስብኝ መካከሉን ሰብሬ ማለፍ አለብኝ» አለና ገፋ። ጨረቃዋ ወደ ኋላ ስትል ደስ ብሎት የቀረውንም ሁሉ ወደዚያው ጨመረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተከበበ። በጣም ተናደደና «ይህ አስቀድሞ የተሠራ ተንኰል ነው» ብሎ ከሰሰን።

ልጁ ግን ሞኝ አልነበረም። ከካኔ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ218፣ ሮማውያን በትሬቢያ ወንዝ በተሸነፉ ጊዜ 10,000 ያህል እግረኞቻቸው የካርቴጅን መካከለኛ ግንባር ሰብረው አልፈው በደኅና ወደ ፕላኬንቲያ ከተማ ገብተዋል። በ217 በትራሲሜኖ ሐይቅ ዳር እንኳ፣ በማግሥቱ ይማረኩ እንጂ፣ 6,000 ያህሉ ፊት ለፊታቸው የቆመውን ጠላት ጥሰው ወጥተዋል። ስለዚህ የሮማ አዛዦች፣ ባለፉት ሁለት ውጊያዎች ጠላትን የሰበረው ከባዱ እግረኛችን ነው፤ ይህን ብናበዛው ጠላት ከጎን ሳይደርስብን ይፈርሳል ብለው ቢያስቡ፣ ከልምድ የተማሩ እንጂ ችኩሎች አያሰኛቸውም። አምስቱ የታሪክ ተማሪዎች ከቫሮ የበለጡት በብልሃት ሳይሆን መጽሐፉን አስቀድሞ በማንበብ ነው።

ይህን ስንል የጓደኛችንን ስሕተት ገልብጠን መድገም የለብንም። የምሕንድስናው ተማሪ ስለ ገፋ ቫሮ ነፃ ወጣ ማለት አንችልም። በጨዋታው የሮማ እግረኛ ብርቱ የሆነው፣ ጨረቃዋም ቀስ በቀስ የምታፈገፍገው፣ ደንቡን የጻፈው ሰው ፖሊቢዮስን አንብቦ እንዲያ እንዲሆን ስላደረገው ነው። ፖሊቢዮስ የነገረን ነገር በዳይስ በኩል ዞሮ ሲመለስልን ሁለተኛ ምስክር አገኘን ማለት ራስን ማታለል ነው። የአገራችንን የመጻሕፍት ትርጓሜ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። የጨዋታ ደንብ እንደ አንድምታ ነው። ንባቡ የፖሊቢዮስ ነው፤ ደንቡ ከልዩ ልዩ ፍች አንዱን መርጦ ያቀርባል። መልካም ትርጓሜ ንባቡን ያበራዋል፤ ሌላ ንባብ ግን አይሆንም።

የቦርግን ሥራ የምንነቅፈው በዚህ ላይ ነው። በዚያ ጨዋታ የአዛዥ ችሎታ የሚለካው በእጁ በሚይዘው የካርድ ብዛት ነው፤ ብልህ የተባለው ብዙ፣ ደካማ የተባለው ጥቂት ይይዛል። ለጨዋታ ቀላልና ያማረ ዘዴ ነው። ነገር ግን ቫሮን ደካማ ያለው ማነው? ከሁሉ አስቀድሞ ፖሊቢዮስ ነው። ፖሊቢዮስ ደግሞ በሮማ ታግቶ ሳለ የቅርብ ወዳጁ የሆነው ስኪፒዮ ኤሚሊያኖስ፣ በካኔ ከቫሮ ጋር አዛዥ የነበረውና በዚያው የወደቀው የኤሚሊዮስ ጳውሎስ የልጅ ልጅ ነው። ሁለቱ ቆንስሎች በየቀኑ እየተፈራረቁ ያዝዙ ነበር፤ የዚያ ቀን ተራ የቫሮ ነበር። በክብር ከሞተው ይልቅ በሕይወት የተመለሰው ቢወቀስ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመውስ፣ ሊቪዮስ እንደሚተርከው፣ ቫሮ ሲመለስ የሮማ ሕዝብ ወጥቶ የተቀበለውና ስለ አገሪቱ ተስፋ ባለመቁረጡ ምስጋና የቀረበለት መሆኑ ነው። የአንድ ቤተ ሰብ ወዳጅ የጻፈው ወቀሳ እንግዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በሣጥን ታሽጎ የካርድ ቁጥር ሆነ። ተጫዋቹም ካርድ አንሶት ሲሸነፍ የቫሮን ድክመት በዓይኑ ያየ ይመስለዋል።

ሳቢን በዚህ ይሻላል። እርሱም አዛዦችን በየደረጃቸው ይመድባል፤ ከፖሊቢዮስም አያመልጥም። ነገር ግን ግምቱን አይሸሽግም፤ ቁጥሩን ለምን እንደ መረጠ በመጽሐፉ ይከራከራል፤ ስለዚህ እኛም ልንከራከረው እንችላለን። ደግሞም የደከመው ወገን ከጥንቱ ተሸናፊ የተሻለ ከተዋጋ፣ በሜዳ ቢሸነፍም በነጥብ እንዲያሸንፍ አድርጓል።

ጨዋታው ከንባብ የሚበልጥበትም ቦታ አለ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ያጋደለ ይሆናል። ፖሊቢዮስ ሮማውያን በካኔ ጭፍሮቻቸውን ከወትሮው አቀራርበው፣ ጥልቀታቸው ከፊታቸው ብዙ እጥፍ እንዲበልጥ አድርገው አሰለፉ ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አንብበን አልፈነዋል። በጠረጴዛው ላይ ምልክቶቹን ስንደረድር ግን ቦታ ጠበበንና ተመልሰን መጽሐፉን ገለጥን። ለምሳሌ 60,000 ሰው በ50 ረድፍ ቢቆም፣ ከጠላት ጋር ፊት ለፊት የሚገጥመው 1,200 ብቻ ነው፤ የቀረው የፊተኛውን ጀርባ ሲያይ ይውላል። 80,000 የሚለው ቁጥር አንባቢን ያስደነግጠዋል፤ ሐኒባልን ያን ያህል ያላስደነገጠው ለዚህ ይመስለናል። እያንዳንዱ ጭፍራ በየትም ቢቆም እኩል የሚዋጋበት ደንብ ይህን ነገር ይሰውረዋል።

ሌላው ጉድለት ተራ ነው። በሁለቱም ጨዋታዎች አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በካኔ ግን ፈረሰኛው ሲዞር፣ አፍሪካውያኑ ሲታጠፉና መካከሉ ሲያፈገፍግ አንዱ ሌላውን አልጠበቀም፤ ቫሮም ተራዬን ስጡኝ የሚልበት ጊዜ አልነበረውም። የአባቶቻችን ሠንጠረዥ በዚህ ረገድ ለጦርነት ይቀርብ ነበር። ወረራ በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ይሄዱ ነበር። ይህንኑ ለካኔ ለመሞከር ከስድስቱ ጨዋታዎች ውጭ አንድ ማታ ተራውን አንሥተን ተጫወትን፤ ነገሩ ወደ ጠብ ስለ ደረሰ ተውነው።

ስለ ዛማ ብዙ አንልም። በ202 ሐኒባል ከ80 የሚበልጡ ዝሆኖች ነበሩት፤ ፈረሰኛው ግን የኑሚዲያው ማሲኒሳ 4,000 ፈረሰኞች ይዞ ለሮማ ስለ ተሰለፈ ከጠላቱ ያንሳል። የሐኒባልን ወገን ይዘን ሁለት ጊዜ ተጫወትን፤ ስኪፒዮ ለዝሆኖቹ መተላለፊያ እንደሚከፍት፣ የሮማም ፈረሰኛ ከኋላ እንደሚመለስ አስቀድመን ብናውቅም ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፍን። ማወቅ በካኔ ሁሉን ሲለውጥ በዛማ ምንም አልረዳንም፤ ይህ ልዩነት ለብቻው ሌላ ጽሑፍ የሚገባው ነው።

የሚቀጥለው ሐሳባችን ትራሲሜኖን መሞከር ነው። በዚያ ቆንስሉ ፍላሚኒዮስ ሠራዊቱን በጭጋግ ውስጥ በሐይቁና በኮረብታው መካከል ሲመራ፣ በኮረብታው የደፈጠው የሐኒባል ጦር ወርዶበት 15,000 ያህል ሰው አልቋል። ሁሉ ነገር በሚታይበት ጠረጴዛ ላይ ደፈጣ ሊኖር ስለማይችል፣ እንደ ፕሩሲያው ጨዋታ በመካከል ዳኛ አቁመን፣ ሁለቱን ወገኖች በሁለት ክፍል ለየብቻ ልናስቀምጣቸው አስበናል። የሐኒባል ቦታ ተይዟል። ፍላሚኒዮስን ለመያዝ የሚፈልግ ካለ ይምጣ፤ ግን ይህን ጽሑፍ ያላነበበ መሆን አለበት።