የጉርድ ፎቶ ጣጣ

ነቀምቴ የሄድኩት ለልቅሶ ነበር። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶብስ ስንገጫገጭ ውለን ደረስን፤ ሠልስቱም ወጣ። በማግስቱ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ አምጡ ብለውናል፤ ፎቶ ቤት አብረን እንሂድ?» አለችኝ። ጉርድ ፎቶ ደግሞ ምን አጀብ ያስፈልገዋል ብዬ ነበር። ለካስ ያስፈልገዋል።

ሰውየው አነሳት። አየችውና «እንደገና» አለች። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። በመጨረሻ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እኔን እኮ አይመስልም!» አለች። ባለ ፎቶ ቤቱ ትዕግሥተኛ ነው። «የኔ ልጅ፣ ካሜራው ያየውን ነው የሚያነሳው» ቢላት ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ «እኔ ይቺ ነኝ» ብላ አሳየችን።

አየሁ። ጠይሟ ልጃችን ቀይ ሆናለች። አፍንጫዋ ቀጥኗል፣ ዓይኗ ሰፍቷል፣ አገጯ ሾሏል። በአምስት ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ግንባሯ ላይ የቀረው ጠባሳ (ተሸክሜያት ጤና ጣቢያ የሮጥኩት እኔ ነኝ) ድራሹ የለም። ቆንጆ ነች፣ አልዋሽም። የማን ልጅ እንደሆነች ግን እንጃ!

ባለ ፎቶ ቤቱን አልገረመውም። «እንዲህ አድርገህ አንሳን የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ወንዶቹም ጭምር» አለኝ።

እንግዲህ ስለ ቲክቶክና ስለ ኢንስታግራም ስንቱ ሲጻፍና ሲሰበክ ከርሟል። ትውልዱ ጠፋ፣ ባህሉ ተበረዘ፣ ጭፈራው አሳፈረን፣ ቀሚሱ አጠረ። ባለሥልጣኑ በበኩሉ ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ ያወራል። ሁሉም የየራሱን ፍርሃት ነው የሚያወራው። ልጅቷ ከገዛ ፊቷ ጋር ስለመጣላቷ ሲወራ የሰማ አለ? እኔ አልሰማሁም። እኔም ብሆን እስከዚያች ቀን ድረስ ከወቃሾቹ አንዱ ነበርኩ።

ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍራንሲስ ሆገን የተባለች የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ይዛው በወጣችው የኩባንያው የውስጥ ሰነድ ላይ፣ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ከሚሰማቸው ኮረዶች 32 በመቶዎቹ ኢንስታግራም እንደሚያባብስባቸው መናገራቸው ሰፍሮ ተገኘ። ኩባንያው ያውቅ ነበር ማለት ነው። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ እዚያ ላይ የሚያሳልፉ ልጆች ለድብርትና ለጭንቀት የመጋለጥ ዕድላቸው እጥፍ እንደሆነ ጠቅሰዋል። ይሄ ማለት ስልኩ ብቻውን ያሳምማል ማለት አይደለም፤ የከፋው ልጅም ስልኩ ውስጥ ይደበቃል። ምሁራኑ ገና እየተከራከሩበት ነው። የእኛዋ ልጅ ዕዳ ግን ድርብ ይመስለኛል። ማሳመሪያው «ላሳምርሽ» ሲላት መጀመሪያ የሚያነሳባት የእናቷን መልክ ነው።

መፍትሔውስ? «ዝጉት!» የሚል ሞልቷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ወለጋ ግን መዘጋትን ከአውስትራሊያ ቀድማ ታውቀዋለች። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መገባደጃ ጀምሮ በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በምሥራቅ ወለጋ ስልክ የሚሠራው በትልልቅ ከተሞች ብቻ ነበር። ነቀምቴ ያለ ሰው ስልኩን ይዞ ጊምቢ ያለች እናቱን ማግኘት አይችልም ነበር። የተለቀቀው መጋቢት 22 ቀን ነው፤ ኮሮና አገር ውስጥ ከገባ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገደቡ። (ያኔ ልጆቹ ቪፒኤን ለመጫን ያሳዩትን ትጋት ለሒሳብ ቢያሳዩት ኖሮ!)

ታዲያ ልጆቻችን ተፈወሱ? ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አውስትራሊያ የከለከለችው አካውንት ነው፤ እዚህ የተቆረጠው የዘመድ ድምፅ ነው፣ ያውም ተኩስ ባለበት። የተዘጋውም ለልጆች ጤና ታስቦ አይደለም። ቢሆንም እህቴን ጠየቅኳት። «ያኔ ስልኩ አልነበረም፤ እንቅልፍም አልነበረም» ነው ያለችኝ። ስልኩ ሲመለስ ደግሞ ልጆቹ ያገኙት ፎቅ፣ መኪና፣ ዱባይና የተላጠ የሚመስል ፊት ነው። እነሱ ቤት ተቀምጠው በፍርሃት ሲያሳልፉ ሌላው ዓለም አምሮበት ቆየ። ከዚህ በላይ ራስን የሚያስንቅ ምን አለ?

ይህን ለማን ይናገሩ? አንዲት ልጅ «ፊቴን ጠላሁት» ብትል እኛ ቤት መልሱ የታወቀ ነው። «ጥጋብ ነው!» አለቀ። ከበረታም «ሥራ ስለፈታሽ ነው» ይከተላል። የአእምሮ ሕመም ስንል የሚታየን ጨርቁን የጣለ ሰው ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታልን እንኳ ስሙን ስድብ አድርገነው ቀርተናል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስልኩ ቢያንስ ያዳምጣታል፤ በውሸትም ቢሆን «ታምሪያለሽ» ይላታል። እኔ ራሴ ይህን ቃል መቼ እንዳልኳት ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

አራተኛውን ፎቶ ወሰድን። ስምንት ፍሬ ታጠበ። መንገድ ላይ «አንዱን ለቦርሳዬ ስጪኝ» አልኳት። ቆም ብላ «ከስልኩ ልላክልህ?» አለች። «የለም፣ ጠባሳ ያለባትን» ስላት ከፖስታው አንዱን መዛ ሰጠችኝና፣

«ለማንም እንዳታሳይ» አለችኝ።