በአዋሽ ሸለቆ የችኩል ጎብኚ ዓይን

ሮማን በሁለት ቀን የሚጎበኝ መንገደኛ ኮሎሲየም ቆሞ ስለሚጠብቀው ብዙ አይደክምም። ይኸው ዓይን ከአዋሽ ወደ ሰመራ ሲያቀና ግን «የሚታይ የለም» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ችኩል ነው። በአዋሽ ከተማ ፈረንሳዮች የዘረጉት የድሮው ምድር ባቡር ጣቢያና ቡፌ ደ አዋሽ የአንድ ዘመን የጉዞ ሥልት ምስክሮች ናቸው፤ መንገደኛው የሚያያቸው ግን ቡና እስኪፈላለት ብቻ ነው። ሰመራማ የክልል መቀመጫነቱን ከአሳይታ የተረከበች አዲስ ከተማ ናት፤ ጥንታዊ ግንብ የሚፈልግባት ከወዲሁ ተሳስቷል።

የታችኛው አዋሽ ቅርስ የሚነበበው ከደለል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ ኮሎሲየም ገና ሁለት ሺህ አልሞላውም! ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በመንገደኛው ላይ መጫን አይገባም። አጽሟ የሚጠበቀው በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም በመሆኑ በሸለቆው የቀረው ሥፍራው ነው፤ ይህም ያለ አስረጂ ለዓይን ተራ አፈር ነው። በመኪና መስኮት የሚደረግ ጉብኝት ደግሞ ለአስረጂው ጊዜ አይሰጥም።