ክብደት ወይስ እንቅስቃሴ? ሁለት የስኳር ሕመም ጥናቶች ከከላላ ደጋ አንጻር ሲመረመሩ

የዓይነት ሁለት የስኳር ሕመምን ለመከላከል አስቀድመን ልንቆጣጠር የሚገባን የሰውነት ክብደትን ነው ወይስ የአካል እንቅስቃሴ ማነስን? ይህ ጥያቄ በሕክምናው ዓለም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ክርክሩ ከምርምር መድረክ ወደ ጤና ትምህርት ሲወርድ ደግሞ «ውፍረት ቀንሱ፤ ስፖርት ሥሩ» የሚል አጭር ምክር ይሆናል። ምክሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ሆኖም በከላላ፣ በወግዲ ወይም በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ ዕድሜ ልኩን ሲያርስ ለኖረና ወፍሮ ለማያውቅ ገበሬ ሲነገር ትርጉሙ ይጠፋል። ከዚህም በላይ የጤና ባለሙያውን ዓይን ከእውነተኛው ሕመምተኛ ላይ ሊያነሣ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የክርክሩ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች መካከል ሁለቱን በመመርመር ለእኛ ሕብረተሰብ የሚሆነውንና የማይሆነውን ለመለየት እንሞክራለን።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት (ጃማ) የወጣው ነው። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 37,878 በጤና ሙያ የተሰማሩ አሜሪካውያት ሴቶች በአማካይ ለ6.9 ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸው 1,361ዱ በስኳር ሕመም ተይዘዋል። መነጻጸሪያ የሆኑት የክብደትና የቁመት ንጽጽራቸው (ቢ.ኤም.አይ.) ከ25 በታች የሆነና እንቅስቃሴ የሚያዘወትሩት ሴቶች ናቸው። ከእነዚህ ጋር ሲተያዩ፣ ክብደታቸው መደበኛ ሆኖ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ሴቶች የመያዝ ዕድል 1.15 እጥፍ ብቻ ነበር። ከልክ በላይ ወፍረው እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ግን 11.5 እጥፍ፣ ወፍረው የማይንቀሳቀሱት 11.8 እጥፍ ሆነው ተገኙ። ከዚህም ክብደት ከእንቅስቃሴ ይልቅ ከፍ ያለ ድርሻ አለው የሚል መደምደሚያ ተወሰደ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2007 በ«ዳያቤቲስ ኬር» መጽሔት ታተመ። በ68,907 ነርሶች ላይ ለ16 ዓመታት በተደረገ ክትትል 4,030 አዳዲስ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ከቀጫጭንና ንቁ ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ ቀጫጭን ሆነው የማይንቀሳቀሱት 2.08 እጥፍ፣ ወፍረው የሚንቀሳቀሱት 10.74 እጥፍ፣ ወፍረው የማይንቀሳቀሱት ደግሞ 16.75 እጥፍ ተጋላጭ ሆነዋል። እዚህም የክብደት ድርሻ ጎልቶ ይታያል። ሆኖም እንቅስቃሴ ማነስ ብቻውን ቀጭኗን ሴት በእጥፍ አጋልጧታል።

ውጤቱን በጥንቃቄ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል?

በሁለቱም ጥናቶች የተሳታፊዎች ቁጥር ብዛትና የክትትሉ ጥራት የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ «ክብደት ከእንቅስቃሴ ይበልጣል» የሚለው ድምዳሜ አራት ጥያቄዎችን ያስነሣል።

አንደኛ፣ የተለካው በዋናነት በትርፍ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው። ለእርሻ፣ ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመሸከም ወይም ገበያ ደርሶ ለመመለስ የሚወጣው ጉልበት በመጠይቁ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የከላላ ገበሬ በዚህ መጠይቅ ቢጠየቅ «ምንም እንቅስቃሴ የማያደርግ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሰው ክብደቱን ሲጠየቅ ከእውነቱ ብዙም ሳይርቅ ይመልሳል። በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደተንቀሳቀሰ ሲጠየቅ ግን በግምት ነው የሚናገረው። በደንብ ያልተለካ ነገር ደግሞ በስሌት ውስጥ ከእውነተኛ ኃይሉ አንሶ ይታያል። ስለዚህ የሁለቱ አኀዞች ልዩነት ከፊሉ የሰውነት ባሕርይ ሳይሆን የመለኪያው ጉድለት ሊሆን ይችላል። ሰፋ ያለ የእንቅስቃሴ ልዩነት ያላቸውን ሴቶች ያነጻጸረው የ2007ቱ ጥናት ከፍ ያለ ውጤት ማግኘቱ ይህን ጥርጣሬ ያጠናክራል።

ሦስተኛ፣ እንቅስቃሴ ማነስ ራሱ ለክብደት መጨመር አንዱ ምክንያት ነው። ምክንያቱንና ውጤቱን ለያይቶ ማወዳደር እንቅስቃሴ በክብደት በኩል የሚሠራውን ሥራ ለክብደት ብቻ መስጠት ይሆናል።

አራተኛውና ለእኛ ዋነኛው፣ በእነዚህ ጥናቶች «ቀጭን» የተባለው ከ25 በታች ያለው ሁሉ ነው። በልጅነቱ የተራበ፣ በክረምት ጎተራው የሚራቆት፣ ንጽጽሩ 18 ገደማ የሆነ ሰው በንጽጽሩ ውስጥ የለም ለማለት ይቻላል።

በሙከራ የተደረጉ ጥናቶችም ሚዛኑን ያስተካክላሉ። በቻይና ዳቺንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው ጥናት የስኳር መጠናቸው ከፍ ማለት የጀመረ 577 ሰዎችን ለስድስት ዓመታት ተከታትሏል። የተጋላጭነት ቅነሳው በምግብ ማስተካከያ 31 በመቶ፣ በእንቅስቃሴ 46 በመቶ፣ በሁለቱ ጥምረት 42 በመቶ ሲሆን፣ ጥቅሙም ለቀጭኑም ለወፍራሙም ተመሳሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የአሜሪካ የመከላከል ጥናት የአኗኗር ለውጥ ተጋላጭነትን በ58 በመቶ ሲቀንስ ሜትፎርሚን በ31 በመቶ ቀንሷል። በዚያው ጥናት የክብደት ግባቸውን ሳይመቱ የእንቅስቃሴ ግባቸውን ብቻ የመቱት ሰዎች ተጋላጭነት በ44 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ መገኘቱ በቀጣይ ትንተና ታይቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ባይረዳውም እንኳ ስኳርን ከደም ይወስዳል፤ ለኢንሱሊን ያለው ምላሽም ከሥራው በኋላ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ለዚህ ጥቅም ሚዛኑ መቀነሱ ግዴታ አይደለም።

በእኛ ደጋ ያለው ገጽታ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 35 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የስኳር ሕመም ስርጭት በጎንደር ከተማ 5.1 በመቶ፣ በገጠሩ ዳባት 2.1 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። የጉልበት ሥራ ገጠሩን ለመጠበቁ አንድ ምልክት ነው። ግን 2.1 በመቶ ባዶ አይደለም፤ ከሁሉም ሕመምተኞች 69 በመቶ የሚሆኑትም ከምርመራው በፊት መታመማቸውን አያውቁም ነበር።

እንግዲህ በምርመራ ማንን እንፈልግ? የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መመሪያ ምልክት የሌለውን ጎልማሳ ለመመርመር ከሚመለከታቸው መስፈርቶች አንዱ ንጽጽሩ 25 እና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው፤ ለእስያ ዝርያዎች ወደ 23 ዝቅ ተደርጓል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት 25ን ያለፉት ጎልማሶች 6.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ይህን ሚዛን በር ላይ ብናቆመው አብዛኛው የገጠር ሕመምተኛ ሳይገባ ይመለሳል ማለት ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ለኢትዮጵያውያን ተስማሚ ነው ያለው ወሰን ለወንድ 22.2፣ ለሴት 24.5 ነው። ጥናቱ በአንድ ወቅት የተወሰደና በደመወዝተኞች ላይ የተወሰነ በመሆኑ የመጨረሻ ቃል ሊሆን አይችልም። አቅጣጫው ግን ሊናቅ አይገባም።

ምሳሌ እንውሰድ። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በ20 ዓመቱ ሲያርስ 52 ኪሎ ነበር እንበል፤ ንጽጽሩ 18 ነው። በ40 ዓመቱ መካነ ሰላም ገብቶ ሱቅ ሲቀመጥ 66 ኪሎ ሆነ፤ ንጽጽሩ 22.8 ነው። በሰንጠረዡ «መደበኛ» ነው። ግን 14 ኪሎ ጨምሯል፤ ጭማሪውም በአብዛኛው ሆዱ አካባቢ ያረፈ ስብ ሊሆን ይችላል፤ የዕለት ሥራውንም ትቷል። ይህን ሰው «ደህና ነህ» ብሎ የሚያሰናብት ሚዛን ለዚህ አካባቢ አይበቃም።

ወሎ ሌላም ታሪክ አለው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዘመን የተፀነሱና የተወለዱ ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በማኅፀን ሳሉ ረሃቡ የደረሰባቸው ሰዎች ለሜታቦሊክ ሲንድረም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አመልክቷል። በማኅፀን የተጎዳ ቆሽት በኋላ ዘመን ጥቂት ክብደት ሲጫንበት እንኳ ሊደክም ይችላል።

ከዚህ የተለየ ሌላ ሕመምተኛም አለ። ወጣት፣ ድኻ፣ ከስቶ የመጣ፣ ስኳሩ እጅግ ከፍ ያለ። እ.ኤ.አ. በ2009 «ዳያቤቶሎጂያ» ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን የገጠር ሕመምተኞች መርምሮ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና እንዲከፈት ጠይቆ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 ዕውቅና ሰጥቶት በ1999 ከምደባው አውጥቶታል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 «ዓይነት አምስት» በሚል ስም ተቀብሎታል። ለዚህ ሰው «ክብደት ቀንስ፤ ምግብ ቀንስ» ማለት ጉዳት ነው።

ለጤና ባለሙያው የሚተርፈው

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ።

በመጀመሪያ፣ የውኃ ጥም፣ የሽንት ብዛትና የክብደት መቀነስ ያለበትን ሰው ቀጭን ነው ብሎ ከስኳር ምርመራ ማለፍ አይገባም። መክሳትን በሳንባ ነቀርሳ ብቻ መተርጎምም እንዲሁ። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ከሚዛኑ ጎን «በወጣትነትህ ስንት ኪሎ ነበርክ? ሥራህን ለውጠሃልን?» ብሎ መጠየቅና የወገብን ዙሪያ በሜትር መለካት ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ለገበሬው «ስፖርት ሥራ» ከማለት ይልቅ ያለውን እንቅስቃሴ እንዲጠብቅ፣ ከእርሻ ወደ ቢሮ፣ ወደ ሱቅ ወይም ወደ ባጃጅ መንዳት ለተሸጋገረው ደግሞ የተወውን እርምጃ በቀን ውስጥ እንዲመልስ መምከር ይሻላል።

አራተኛ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው በእርሻና በአጨዳ ወቅት፣ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው ካልን እንደ መድኃኒት መጠኑና ሰዓቱ ከምግቡ ጋር መታየት አለበት።

ክብደት ወይስ እንቅስቃሴ የሚለው ጥያቄ የተነሣው ሁለቱም በትርፍ በሚገኙበት አገር ነው፤ ክብደቱ የተረፈ፣ ለእንቅስቃሴም ትርፍ ጊዜ ያለ። በከላላ ደጋ የሚጠየቀው ግን ሰውዬው ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ የሚለው ነው። ከረሃብ ወደ ጥጋብ፣ ከሞፈር ወደ ወንበር በአንድ ዕድሜ የተሻገረን ሰው የዛሬው ሚዛን ብቻውን አይገልጸውም። ይህን የሚያውቀው በየቀኑ ፊት ለፊት የሚያገኘው የጤና ባለሙያ ነው፤ የውጭውን ጥናት ሲያነብ ይህን ዕውቀቱን ሊተው አይገባውም።