ጠፍቶ ያልጠፋ ራዲዮ

እንጀራዬን የማገኝባት ጠባብ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በጎፋ ገብርኤል አካባቢ ናት። አባቶቻችን ያለ ሽቦ ቃልን የሚያደርሰውን መሣሪያ «ነፋስ ስልክ» ብለው በሰየሙት ጊዜ ስሙ ለሰፈሩ፥ ከሰፈሩም አልፎ ለክፍለ ከተማው ተረፈ። ይህን ስም በየቀኑ እየጠራሁት ምሥጢሩን ሳላስተውለው ብዙ ዘመን ከኖርሁ በኋላ፥ ባለፈው ክረምት አንዲት ትንሽ ራዲዮ በሌላ ትርጓሜ አሰማችኝ።

ራዲዮዋን ያመጡልኝ በዕድሜ የገፉ ካህን ነበሩ። «ልጄ፥ ማታ አጥፍቻት እተኛለሁ፤ ሁለት ቀን ሳልነካት ብቆይ ባትሪዋ አልቆ አገኛታለሁ። እኔ ሳልሰማት ማን ሰማት?» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳልመረምር፥ «ባትሪው አርጅቷል፥ አባቴ» ብዬ በአዲስ ለወጥሁላቸውና ዋጋውን ተቀበልሁ። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ ሳይቆጡም ራዲዮዋን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው፥ «አሁንስ አዲሱን ማን በላው?» ብለው ጠየቁኝ። የወቀሳ ቃል ስላልጨመሩበት ይበልጥ አፈርሁ።

በቀድሞው ራዲዮ የድምፁ ቁልፍ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ቋ ሲል ብረት ከብረት ይለያይ ነበርና፥ ጠፋ ማለት በእውነት ጠፋ ማለት ነበረ፤ የባትሪ ድንጋዩም ቢደክም በአገልግሎት ደክሞ ነውና፥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጥቂት ቀን ይጨምር ነበር። የአሁኑ ቁልፍ ግን ኮረንቲውን ራሱ አይቆርጥም፤ ለአንዲት ቺፕ መልእክት ያደርሳል እንጂ። ቺፗ ትንሹን ትራንዚስተር ታዛለች፤ ትንሹ ደግሞ በባትሪውና በራዲዮው መካከል እንደ ዘበኛ የቆመውን ትልቁን ያዛል። ትራንዚስተርን ባርዲንና ብራተይን እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ሠርተው፥ ከሾክሌይ ጋር በ1956 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል፤ በዚህ ዘበኝነት የሚቆመውን ዓይነት ግን በዚያው ቤት ግብፅ የተወለደው መሐመድ አታላና ኮሪያ የተወለደው ዳዎን ካንግ በ1959 ያስገኙት ነው። ባሕርዩም እንዲህ ነው፤ ጌት የሚባለው እግሩ ከቀረው አካሉ እንደ መስታወት ባለ እጅግ ስስ ሽፋን ስለ ተለየ፥ ኮረንቲ አይጠጣም፤ የተቀመጠበትን የቮልት ከፍታና ዝቅታ ብቻ ተመልክቶ በሩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል።

የመጽሐፍ መምህራን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በየፊናው እንደሚተረጕሙት፥ እኔም በዚያ ቀን የራዲዮዋን ሕመም አንድም እያልሁ ዘረዘርሁት፤ አንድም ትልቁ ትራንዚስተር ተቃጥሎ መዝጋት ተስኖታል፤ አንድም ትንሹ አላቋርጥ ብሎ «ክፈት» ይላል፤ አንድም ኮረንቲ በቻርጅ መግቢያው ወይም በሌላ ሽቦ በጓሮ ይዞራል። ልዩነቱ ግን በአንድምታ ትርጓሜዎቹ ሁሉ ተስማምተው አብረው ይኖራሉ፤ በእኔ ጠረጴዛ ግን ሌሎቹን አስወጥቶ አንዱን የሚያስቀር ፈራጅ ያስፈልጋል፤ እርሱም ቴስተር ነው።

የባትሪውን አንድ ጫፍ ፈትቼ ቴስተሩን በመካከል አገባሁት። ጠፍታለች የተባለችው ራዲዮ 24 ሚሊ አምፔር ትጠጣ ነበር። የባትሪው ጉልበት 1200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነውና ሒሳቡ 50 ሰዓት፥ ማለትም ካህኑ የነገሩኝ ሁለት ቀን ሆኖ ተገኘ። ድምፅም ያላሰማችው የሚደርሳት ኮረንቲ ለመናገር የማይበቃ፥ ለመብላት ግን የሚበቃ ስለ ሆነ ነው።

ቀጥሎ በሁለተኛ ቴስተር የትልቁን ትራንዚስተር ጌት ልለካ አንዱን መርፌ በጌቱ ላይ፥ ሌላውን ባትሪው በሚገባበት እግር ላይ ባሳረፍሁ ጊዜ፥ የመጀመሪያው ቴስተር ቁጥር ወርዶ ዜሮ አጠገብ ቆመ። መርፌውን ሳነሣ ቁጥሩ ቀስ እያለ ተመልሶ ወጣ፤ ደግሜ ባሳርፈው ወረደ። ሐኪም በዳሰሰው ጊዜ ድኖ እጁን ሲያነሣ የሚታመም በሽተኛ አይቼ አላውቅምና፥ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተመለከትሁት።

ምሥጢሩ የተገለጠልኝ ከዚህ በኋላ ነው። ቴስተሩ ራሱ በሁለቱ መርፌዎቹ መካከል 10 ሜጋ ኦም ያህል መንገድ አለው፤ ስለዚህ ስለካው ሳላውቀው ጌቱን ከባትሪው ጋር አስሬ በሩን እዘጋለሁ ማለት ነው። ይህን ያህል ቀጭን ክር የሚያድነው ከሆነ፥ ጌቱ ያለ ምንም ማሰሪያ ተለቆ ነበር። ትንሹ ትራንዚስተር ጌቱን ወደ ታች ጎትቶ በሩን መክፈት ይችላል፤ ወደ ላይ መልሶ መዝጋት ግን አይችልም። «ክፈት» ማለቱን ሲተው በሩ እንዲዘጋ ጌቱን ወደ ላይ የሚመልስ ሬዚስተር ተሠርቶለት ነበር። በአጉሊ መነጽር ብመለከት፥ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጠው ያ ሬዚስተር በአንድ ጫፉ ብየዳው ተሰንጥቆ ከቦርዱ ተላቋል፤ ምናልባት ራዲዮዋ ወድቃ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጌቱን የሚገዛው የክረምቱ እርጥበት፥ የቦርዱ እድፍና የሰው እጅ መቅረብ ነበረ። ጌታ የሌለው እግር ነፋስ ለሚያመጣበት ነገር ሁሉ ይታዘዛልና፥ የሰፈሬን ስም በአዲስ ትርጓሜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

መበየጃውን አግዬ ጫፉን ነካሁት፤ ብየዳው ቀልጦ አብረቀረቀ፤ ቴስተሩም 6 ማይክሮ አምፔር አሳየ። በዚህ ሒሳብ ባትሪው ከሃያ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በእርጅናው ይሞታል።

በእኔ ሥራ የሚያስቸግረው የመክፈት ጉድለት አይደለም፤ የማይበራ ራዲዮ ሕመሙን ራሱ ይናገራል። መዝጋት ግን የመክፈት መቅረት ብቻ ተደርጎ ስለሚታሰብ ማንም አይመረምረውም፤ እርሱም እንደ መክፈት ሁሉ የራሱ ሠራተኛ የሚሻ ሥራ ነው። ያ ሠራተኛ ሲጠፋ የሚሞተው ባትሪው ነውና ጥፋቱም በሟቹ ላይ ይደፋል፤ እኔም እንዲሁ ደፋሁበት። ስለዚህ አሁን «ባትሪው ያልቃል» ተብሎ የሚመጣልኝን ዕቃ ሁሉ አስቀድሜ ጠፍቶ ሳለ እለካዋለሁ።

ካህኑ ሲመጡ የአዲሱን ባትሪ ዋጋ መለስሁላቸው፤ «ማን እንደ በላው አገኘኸው?» ሲሉም ሬዚስተሩን በአጉሊ መነጽሩ አሳየኋቸው። አርጅቷል ብዬ የፈረድሁበትን የፊተኛውን ባትሪ ደግሞ ሞልቼ ብፈትነው ደኅና ነበረ። አሁን መብራት በሚጠፋበት ምሽት የሥራ ጠረጴዛዬን የሚያበራልኝ እርሱ ነው።