የሬቸል ካርሰን ባሕር

ሬቸል ካርሰን ስትነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው እ.ኤ.አ. በ1962 ዲዲቲንና መሰል ፀረ ተባዮችን የሞገተችበት «ድምፅ አልባው ጸደይ» የተባለው መጽሐፏ ነው። እኔ አብልጬ የምወዳት ግን የባሕር ሳይንቲስቷን ሬቸልን ነው። በሜይን ጠረፍ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ቋጥኝ መሃል ከቀረው ውኃ ጥቃቅን ፍጥረታትን በባልዲ ይዛ ቤቷ ትገባለች፤ በማይክሮስኮፕ አይታቸው ስትጨርስ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ባትሪ እያበራች ወደ ነበሩበት ትመልሳቸዋለች። ይኸው ጥንቃቄ በአጻጻፏም አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ሳለች በትርፍ ሰዓቷ የጻፈችው «በዙሪያችን ያለው ባሕር» (1951) ጥርት ያለ ሳይንስ ነው፤ ግን እንደ ልብ ወለድ ይነበባል። «ድምፅ አልባው ጸደይ»ን የጨረሰችው ከጡት ካንሰር ጋር እየታገለች ነው። የኬሚካል ኩባንያዎች ሲዘምቱባትም አላፈገፈገችም፤ በ1963 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ መሰከረች። በማግስቱ ዓመት፣ በ56 ዓመቷ አረፈች። አሜሪካ ዲዲቲን ከእርሻ ያገደችው በ1972 ነው።