ለሕክምና ትምህርት መዘጋጀት ወይስ ለነጥብ መሽቀዳደም?

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶ ክፍሎች ወርዶ ቆይቶ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ይኸው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሷል። ከዚህም የተነሣ ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ፋርማሲስት ለመሆን የሚመኝ ወጣት የ12ኛ ክፍል ፈተናን እንዳለፈ በቀጥታ ወደ ሙያው ትምህርት አይገባም። አስቀድሞ ከሌሎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ የጋራ ትምህርቶችን ይማራል። ከዚያ በኋላ፣ ዝርዝሩ በየተቋሙ ቢለያይም፣ በዓመቱ ባገኘው ነጥብና በመግቢያ ፈተናው ውጤት ተመዝኖ ይመደባል።

የዚህ ዓመት ዓላማ መልካም መሆኑ አያጠያይቅም። ወጣቱ ከሚመርጠው ሙያ ጋር የሚተዋወቅበት፣ ለከባዱ ትምህርት ጉልበት የሚሰበስብበት ጊዜ እንዲሆን ታስቧል። በተግባር የምናየው ግን ሌላ ነው። ዓመቱ ወንፊት ሆኗል። ወንፊት ደግሞ እህሉን ከገለባው ይለያል እንጂ እህሉን አያሳድግም። ጥፋቱ በአንድ በኩል ብቻ ያለ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ድርሻ አለን፤ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

የጥያቄና መልስ ጥራዞች

ለዚህ ፉክክር ተማሪው የሚታጠቀው መሣሪያ ከየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚገዛው የጥያቄና መልስ ጥራዝ ነው። ከእነዚህ ጥራዞች ጥቂቶቹን ተቀምጬ አንብቤአለሁ። ጥያቄ አለ፤ አራት ምርጫ አለ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ፊደል አለ። መልሱ ለምን ያ እንደሆነ ግን ከመቶ በአንዱ እንኳ አልተገለጸም። ጥቅም የላቸውም አልልም፤ ተማሪው ጊዜ አጠቃቀምን ይለምድባቸዋል፤ የረሳውንም ያስታውስባቸዋል። ይሁን እንጂ ከመማሪያ መጽሐፉ፣ ከቤተ ሙከራውና ከመምህሩ ይልቅ እነርሱ የትምህርቱ እምብርት ሲሆኑ ነገሩ ይበላሻል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ውኃ በስስ ሽፋን በኩል ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥያቄ በሁሉም ጥራዞች አለ። ተማሪውም ትክክለኛውን ፊደል ይመርጣል። ይህንኑ ተማሪ፣ «ተቅማጥ ላዳከመው ሕፃን እናቲቱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና በልኩ የተሰፈረ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጣ ስታጠጣው ስኳሩ ለምን አስፈለገ?» ብላችሁ ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ፣ «ለጉልበት» ወይም «እንዲጣፍጥ» ይላችኋል። እውነቱ ግን የአንጀት ግድግዳ ጨውንና ስኳርን አጣምሮ የሚያስገባ መንገድ ስላለው፣ ስኳሩ ሲገባ ሶዲየሙ አብሮ ይገባል፤ ውኃውም እነርሱን ተከትሎ ይሳባል። ውኃ ብቻ ቢጠጣ ይህን ያህል አይሠራም። ስኳሩ ከልክ ቢያልፍ ደግሞ ውኃውን ወደ አንጀት መልሶ ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። በጥራዙ ውስጥ አንዲት ፊደል የሆነችው ዕውቀት በዚህ ቦታ የሕፃን ሕይወት ናት።

የተናቁት ትምህርቶች

ሌላው ነቀፋዬ የጋራ ትምህርቶቹን ይመለከታል። ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሎጂክና የመሳሰሉት ለወደፊቱ ሐኪም «ነጥብ ማሟያ» ተደርገው ይታያሉ። በፈተናው ዋዜማ ይሸመደዳሉ፤ በማግሥቱ ይረሳሉ። ነገር ግን በጤና ጣቢያው በር ላይ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት እነዚሁ ናቸው። አንድ ገበሬ መጥቶ «ምች መታኝ» ወይም «ኩላሊቴን አመመኝ» ቢል የተናገረው የበሽታ ስም ሳይሆን የሕመሙን ስሜት ነው። «ኩላሊቴን» ያለው ብዙ ጊዜ ጎኑን ወይም ወገቡን ነው። የት ላይ? መቼ ጀመረ? ምን ሲሠሩ ይብሳል? ብሎ በአክብሮት የሚጠይቅ ካልተገኘ ሕመምተኛው ለሌለበት በሽታ መድኃኒት ተቀብሎ ይሄዳል።

ሎጂክንና ሒሳብን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። ከ1000 ሰዎች 10ሩ አንድ በሽታ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ10ሩ 9ኙን ያገኛል፤ ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን በስሕተት ከመቶ 10ሩን፣ ማለትም 99 ሰዎችን፣ «በሽተኛ ናችሁ» ይላል። እንግዲህ «ተገኘብህ» የተባሉት በጠቅላላው 108 ናቸው፤ ከእነርሱ በእውነት የታመሙት 9 ብቻ ናቸው። ከ12 ሰዎች አንዱ መሆኑ ነው። ይህን ለማስላት ከተራ ክፍልፋይ የበለጠ ሒሳብ አይጠይቅም። ነገር ግን ይህን የማያስተውል ባለሙያ አሥራ አንድ ጤነኞችን አስደንግጦ ወደ ቤታቸው ይሰዳል።

በሌላው ዓለምም ይህ ጉዳይ ታስቦበታል። በአሜሪካ ወጣቱ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክተው ባብዛኛው የአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። የመግቢያ ፈተናቸውም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሻሻል የሰውን ጠባይና ኅብረተሰብን የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍል ተጨምሮበታል። ተማሪው የናቀው ትምህርት ፈተና ውስጥ ሲገባ ማንበቡ አይቀርም።

ነጥብ ይጣል ወይ?

አንዳንድ ሰዎች፣ «ነጥብ ሰውነትን አይለካምና በቃለ መጠይቅ ይመረጡ» ይላሉ። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ባደረጉት ዘዴ፣ አመልካቹ በተለያዩ ጠያቂዎች ፊት በየተራ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀርባል። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይወስንበት ተብሎ የተፈጠረ ዘዴ ነው።

እኔ ግን በዚህ ጉዳይ እጠነቀቃለሁ። ከገጠር ለመጣ፣ አባቱ ባለሥልጣን ላልሆነ፣ እንግሊዝኛው ለሚንተባተብ ልጅ ነጥብ ብቸኛው ጋሻው ነው። በቃለ መጠይቅ ስም ዝምድና ከገባ በሩ የሚዘጋው በእርሱ ላይ ነው። ነጥብ ዘመድ የለውም። እርግጥ ነጥብም የሚታመነው ከጀርባው ያለው ፈተና ሲታመን ነው። በ2008 ዓ.ም. የመግቢያው ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን አንረሳም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት አጭር ነው፤ ነጥቡን አንጣለው፤ ነጥቡ የሚለካውን ግን እንለውጥ።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ፈሳሽ ግፊት ሳስተምር፣ የደም ግፊት ሲለካ ክንድ በልብ ትክክል መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ አስረዳሁ። ክንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ከሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 8 ያህል በሐሰት ይጨምራል፤ በዚህም ጤነኛው ሰው ሕመምተኛ ሊባል ይችላል። በክፍሉ አንደኛ የነበረች ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ይህ ለፈተና ይመጣል?» አለችኝ። «አይመጣም» አልኋት። ብዕሯን አስቀመጠች። በልቤ ታዘብኋት። ማታ ቤቴ ተቀምጬ ሳስበው ግን ፈተናውን የማወጣው እኔው ራሴ ነበርሁ። ልጅቱ የነገርኋትን ሰምታ የነገርኋትን አደረገች እንጂ ምን አጠፋች?

የተረፈው ሙያ

በነጥብ ውድድሩ ሌላም ጉዳት ይደርሳል። ሕክምና የአንደኞች፣ ነርስነትና አዋላጅነት «የተረፉት» ሙያ ተደርገው ይቆጠራሉ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋምም ትምህርቱን በኅብረተሰቡ መካከል አድርጎ ነበር የተነሣው። ምንጭ የሚያጎለብተው፣ ክትባት የሚሰጠውና መድኃኒት የሚያዘው ሰው እርስ በርስ ካልተከባበሩ መንደሩ እንደማይድን እነዚህ ተቋሞች ቀድመው አሳይተውናል። ዛሬ አዋላጅነት የደረሳት ልጅ በኀፍረት አንገቷን ስትደፋ ስናይ፣ ሁለት ነፍስ በእጇ እንደሚገባ የነገራት መምህር አለመኖሩን እንረዳለን።

ምን እናድርግ?

በጀት ሳንጠብቅ ልንጀምረው የምንችለው ሥራ አለ። በመጀመሪያ፣ ከምናወጣቸው አሥር ጥያቄዎች ቢያንስ ሦስቱ «ለምን» የሚሉ ይሁኑ፤ ማረሙ ቢያደክመንም እንቻለው። ሁለተኛ፣ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ እናስመልስ። የማይክሮስኮፕን ክፍሎች በሥዕል ላይ አንድ በአንድ የሚጠራ፣ በዓይኑ ግን አይቶበት የማያውቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ይሰበራል ተብሎ በቁም ሣጥን የተቆለፈ መሣሪያ የተሰበረ ያህል ነው። ሦስተኛ፣ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተነጋግረን ተማሪዎቻችንን ለአንድ ቀን እንኳ እንውሰዳቸው። ካርድ ክፍሉን፣ የመድኃኒት መደብሩንና ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ ይዩ። የታማሚን ገመና መጠበቅንም ከዚያው ይጀምሩ። አራተኛ፣ በእንግሊዝኛ የተማሩትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለአያታቸው እንዲያስረዱ እናለማምዳቸው። ማስረዳት ካልቻሉ ገና አልገባቸውም ማለት ነው።

እናንተም ተማሪዎች፣ ነጥብ አያስፈልግም እንዳልሁ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ያስፈልጋል፤ በርትታችሁም አምጡት። ግን ጥራዙን ስትከፍቱ ከፊደሉ አጠገብ በእርሳስ «ለምን?» ብላችሁ ጻፉ፤ መልሱን እስክታገኙም አትለፉት። በምደባው ቀን ሐኪም ብትባሉም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ ብትባሉም ያ ልማድ አይጠፋም። አንድ ቀን ተራውን ጠብቆ ፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው ነጥባችሁን አይጠይቃችሁም። ክንዱን ብቻ ይዘረጋላችኋል።