ስሙ ከማን ጋር ቀረ?

ካፒቶል ሂል ውስጥ፣ ብሮድዌይና ፓይን ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን አጠገብ፣ ከነሐስ የተሠራው ጂሚ ሄንድሪክስ ተንበርክኮ ጊታሩን ይጫወታል። አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር በዚያ ስናልፍ ልጄ ስለሚወደው ባንድ ያወጋኝ ጀመር። ባንዱ በ1987 እዚሁ ሲያትል የተመሠረተው አሊስ ኢን ቼይንስ የተባለው የሄቪ ሜታል ቡድን ነው (የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው)። በ1993 ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ተለወጠ፤ በ2002 ድምፃዊው ሌይን ስቴሊ ሞተ፤ በ2006 ዊልያም ዱቫል ገባ። «ታዲያ አባዬ፣ ያው ባንድ ነው ወይስ ሌላ?» አለኝ።

መልስ ስፈልግ ሐሳቤ የሄደው ወደ ዋልያስ ባንድ ነው።

ዋልያስ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የተጫወተ፣ የሰዓት እላፊውን ዘመን በሙዚቃ ያሻገረ ባንድ ነበር። በ1977 የወጣው «ቸ በለው» የተሰኘው አልበም ኃይሉ መርጊያን በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴን በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላን በትራምፔት፣ መሐሙድ አማንን በጊታር፣ መላኬ ገብሬን በቤዝ፣ ተማረ ሐረጉን በድራም፣ ግርማ በየነን በፒያኖ ያሰባስባል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ታክሎበታል። ግርማ የደረሰውን «ሙዚቃዊ ስልት» ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው፣ ያ ተመላልሶ የሚመጣ አጭር ሐረግ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ቤዙ መሬቱን ያነጥፋል፣ ነፋሶቹ በአንድ ትንፋሽ ይናገራሉ፣ ኦርጋኑ በላያቸው ያንጎራጕራል። በሙያዬ የማውቀው የቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲሁ ነው፤ በሽተኛውን ያዳነው የማን እጅ እንደ ኾነ ለይቶ መናገር አይቻልም።

በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጕዞው ሲያበቃ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላኬና ግርማ ቀሩ፤ ዙላ ባንድንም መሠረቱ። ሌሎቹ ተመለሱ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ እስከ ደርግ ፍጻሜ ድረስ በዋልያስ ስም አዲስ አበባ ውስጥ ሲጫወቱ ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ግን በአብዛኛው ስለ አንደኛው ወገን ነው። በ1985 የታተመው የኃይሉ የአኮርዲዮን ካሴት በ2013፣ «ቸ በለው»ም በ2014 እንደገና ሲወጡ፣ የዓለም ጸሐፍት የዋሽንግተኑን ባለታክሲ ታሪክ ተቀባበሉት። ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ የነበረ ሰው! ታሪኩ እውነት ነው፤ ክብሩም ይገባዋል። ነገር ግን ባንዱን የአንድ ሰው ሕይወት መቅድም አደረገው። ወደ ቤታቸው የተመለሱት በዚያ መቅድም ውስጥ እንኳ ስማቸው በጨረፍታ ነው የሚነሣ።

ይኽን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1988 ለትምህርት ከሀገር ስወጣ አንድ ክፍል የተጋራን ወዳጅ ነበረኝ። ሐኪም ኾነን ስንጨርስ እርሱ ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ። እኔ ስለ ስደት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ እነሆ ቦታ አግኝቻለሁ። እርሱ ግን ጓንት ሲታጣ እየጠበቀ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ እየሰፋ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤ ማንም ስለ እርሱ አንድ አንቀጽ አልጻፈም። የቀረነው ታሪክ አለን፤ የተመለሱት ሥራ ነበራቸው። ሒሳችንም የሚያውቀው ታሪክ ያለውን ብቻ ኾነ።

ለልጄ «ሁለቱም ያው ባንድ ናቸው» አልኹት። አልረካም። ማታ «ቸ በለው»ን ከመክፈቴ በፊት ስምንቱን ስሞች በወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነባቸው ጠየቅኹት። «ተኮላ» ላይ አንደበቱ ተሰናከለ፤ ደግሞ አነበበው።